ታጥቦ የነጣው ስንዴ

የትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ በኔ ጽሑፍ እንደሚጀምር መምህሬ ዛሬ ነገሩኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። ከረቂቄ ግርጌ «ጎበዝ፣ ቀጥዪ» ብለው የጻፉበት ቀይ ቀለም ግን በላቤ ረጥቦ ጣቴ ላይ ሲቀር ያ ስንዴ ትዝ አለኝ።

የረሃቡ ጊዜ ነበር። አባቴ ለዘር ከታደለው ስንዴ ተሸክሞ መጣ። ፍሬው ቀይ ቀለም ተነክሯል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። «መርዝ አለው፣ እንዳትበሉት» ተብለን ነበር። አባቴ ለመሞከር ለዶሮዋ በተነላት። በላች፤ በማግስቱም ደህና ነበረች።

«ካንቺ እሷ ትሻላለች፤ አታማርጥም» አላት እናቴን።

«እንግዲያው እሷን አግባ» አለችው፣ ስንዴውን ሳፋ ላይ እየገለበጠች።

ውሃው እንደ ደም ቀላ። ደጋግማ ስታጥበው ጠራ፣ ፍሬውም ነጣ። ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መሰለን። የንፍሮው እንፋሎት ቤቱን ሲሞላው ሁላችንም ሳቅን።

ብዙም ሳይቆይ እኔን አቀስታ አክስቴ ጋ ላኩኝ፤ አባቴም ሥራ ፍለጋ ደጎሎ ሄደ። ከስንዴው ጋር የቀረችው እናቴ ነበረች።

ከወራት በኋላ ስመለስ በር ላይ ቆማለች። ከጎኗ ሆኜ ጠራኋት፤ አላየችኝም። «ከንፈሬን ጉንዳን ይወረኛል» ስትል ምላሷ ተሳሰረ። ስትራመድ ትንገዳገዳለች።

አባቴ ከደጎሎ ሲመለስ ደሴ ሐኪም ቤት ወስደናት ጭንቅላቷን ራጅ አነሷት። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉት፤ የእናቴ የራስ ቅል ነጭ ሆኖ ታየ።

«ምንም የለባትም፣ አልሐምዱሊላህ» አለ አባቴ።

«አጥንቷ ነው ደህና» አሉ ሐኪሙ። «የበላችሁት እህል ቀለም ነበረው?»

«አጥበነዋል እኮ ጌታዬ።»

«ያጠባችሁት ቀለሙን ነው። ዘሩ እንዳይሻግት የተቀባው ሜርኩሪ የሚባል መርዝ ፍሬው ውስጥ ይቀራል። አንጎል ከገባ ደግሞ ራጅ አያሳየውም።»

አባቴ መድኃኒቱን ጠየቀ። ሐኪሙ ፊልሙን ቀስ አድርገው ወደ ፖስታው መለሱት።

አሁን ንጉሡ ወርደዋል፤ ከተማችን መካነ ሰላም ሰልፍ በሰልፍ ሆናለች። ሰልፉ በደጃችን ሲያልፍ እናቴ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ከፊቷ ያለውን አንድ ሰው ብቻ ታያለች።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ቤታችን ከገበያው በታች ነው፤ ኑ። ሰው ትወዳለች። ፊት ለፊቷ ቁሙና እስክታያችሁ ጠብቁ። ሻይ ስትቀዳላችሁ ይፈስባታል፤ እኔ ልቅዳ እንዳትሏት።