ደጅ የወጣው አልጋ

ባለፈው ልጄ ከድጃ ስልኳን ይዛ መጥታ ፎቶ አሳየችኝ። የሰው አሮጌ አልጋ ፈርሶ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆኗል፤ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። «የአሕመድን አልጋ ለምን እንዲህ አናሠራውም? ዝም ብሎ ቦታ ይዟል» አለችኝ። አሕመድ የመጨረሻ ልጄ ነው። በጅቡቲ አድርጌ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ተነሥቼ ወጣሁ። የአልጋ ነገር ሲነሣ መቀመጥ አልችልም።

ልጃገረድ ሳለሁ፣ ሠርጌ ሲቃረብ ነው። ማሽላው ታጭዶ ያለቀበት ወቅት ነበር፤ ከጨፋ ሜዳ የሚመጣው ነፋስ ገለባ ገለባ ይሸታል፣ የከሚሴ መንገድ በአቧራ ይጨሳል። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ባሕር ተሻግሮ ሊሠራ አሰብ ከወረደ ስንት ክረምት አልፎ ነበር። እናቴ ግን የዋንዛ አልጋውን በየጁምዓው ታራግፍለት፣ ታነጥፍለት ነበር። «ሲመጣ ደክሞት ነው የሚመጣው» ትላለች። ማን ደፍሮ ሌላ ይበላት?

አባቴ ደግሞ ሙሽራ ያለ ሣጥን አትሸኝም ብሎ ተጨነቀ። የዚያን ዓመት እህሉም እንዲያው ለአፍ ያህል ነበር። በመጨረሻ «የሰይድ አልጋ ሣጥን ይሁንላት፤ ሲመለስ አዲስ አሠራለታለሁ» አለ። እናቴ አኩርፋ ሰነበተች። በኋላ ግን «ለእህቱ ከሆነ እሱም አይከፋው» ብላ ፈቀደች።

አናጢው አባ እንድሪስ በጠዋት መጣ። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ከአባቴ ጋር ተሸክመው አልጋውን ደጅ አወጡት፣ ገልብጠውም ጠፍሩን መፍታት ጀመሩ። ያኔ ማናችንም ልብ አላልንም። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ አልጋው ደጅ ይወጣል፤ ለለቀስተኛ መቀመጫ ቦታ እንዲለቀቅ። የሰይድን ወሬ የሚጠብቀው ደግሞ እኛ ብቻ ሳንሆን ሰፈሩ ሁሉ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ በአጥሩ አሻግራ አይታ «ኢናሊላሂ» አለች። ወዲያው እያለቀሰች ገባች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። «ዋይ ኢልመ ኮ! ዋይ ልጄን!» ይላሉ። አባቴ «ኧረ አይደለም፣ ስሙኝ እንጂ» ቢል ማን ይስማው፤ የሚያባብላቸው ነው የመሰላቸው።

እናቴ ጓዳ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ወጥታ ሴቶቹን አየች፣ የተገለበጠውን አልጋ አየች። ራሷ ፈቅዳ ያስወጣችው አልጋ ነው፤ ግን ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ መርዶው ተደብቆባት የቆየ መሰላት። ሣጥን ሣጥን ያልነውም ሰበብ ብቻ መሰላት። «ለካ ታውቁ ኖሯል» ብላ አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ አለቀሰች። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

እውነቱን ለማስረዳት ብዙ ፈጀብን። እትዬ ዘሃራ የእናቴ እግር ላይ ወድቃ «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት። እናቴ «አንቺ ምን አጠፋሽ» ብላ አነሣቻት። አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ «አብሽሪ፣ የመጣ ወሬ የለም። ልጅሽን እንደ ድሮሽ ጠብቂው» አላት።

«አልቅሼ ጨረስኩት እኮ» አለችው። «ከእንግዲህ በምኔ ልጠብቀው?»

ከዚያ በኋላ ስሙን አላነሣችም። ጁምዓ ሲመጣ የምታራግፈው የላትም፤ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ሣጥኑ ግን አምሮ ወጣ፣ ተዳርኩበት። ሰይድም እስከ ዛሬ የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ትናንት ከድጃን ጠርቼ «አሠሪው» አልኳት። ይመጣል ብዬ ማንጠፍ ደከመኝ። «ግን አናጢው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ያፍርሰው፤ በሩንም ዝጉት» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ይኸው ዛሬ መጋዙ ከውስጥ ይሰማል፤ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጫለሁ። ጎረቤት ሲያልፍ «ምን እያሠራችሁ ነው?» ይለኛል። «የቴሌቪዥን ማስቀመጫ» እላለሁ፣ ሳቅ ብዬ። እንዲገባ አልጋብዝም። አንድ ሰው ገብቶ ቢያለቅስልኝ እኔም አልቅሼ እጨርሰዋለሁ።