ኔትወርክ ሲመለስ የሞቱ ሰዎች

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር አያ ይበልጣል ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቢገኝ፣ ወይ ትናንት ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ወይ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡኝም፣ እንደኔው ተሰዳችሁ ካምፓላ ለምትኖሩም፣ የሚጽፍላችሁ ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ ስላለበት ነው።

ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። እንግሊዝኛን ደግሞ ያለ ማንም እርዳታ ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተምሬዋለሁ። "ኪፕ ድራይ" ማለት "እርጥበት አያግኘው" ማለት መሆኑን በቀበሌያችን ከኔ በፊት ያወቀ የለም።

ስሜን ያስጠራው ግን መርዶ ነው። የሰው ሞት ለዘመዱ መንገር አፍ ያለው ሁሉ የሚሠራው ሥራ አይመስላችሁ። ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሰውየው ከብቱን ሳይፈታ መድረስ አለባችሁ። ለቀስተኛው ከአጥር ውጭ ድምፁን አጥፍቶ ይቆማል። ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ይጠጋሉ፣ ሐዘንተኛው ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል። መጀመሪያ ስለ ከብቱ፣ ቀጥሎ ስለ አዝመራው ይጠየቃል። ከዚያ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆነና" ተብሎ ትንሽ ዝም ይባላል። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሰውየው ራሱ ይደርስበታል። ቀድሞ የጨረሰ ገደለው፣ የዘገየ አሰቃየው። እኔ አንድም ቀን ቀድሜ ወይም ዘግይቼ አላውቅም። ከደምበጫ ድረስ በቅሎ ልከው ይወስዱኝ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣም የተፈለግሁት ለዚሁ ለአንደበቴ ነው። የጦሩ አዛዥ ቡሬ አስጠርቶ "አባቴ፣ ጫካ የገቡትን ልጆች ይምከሩልን" አለኝ። ጫካ የገቡትም በሳምንቱ ቤቴ መጥተው "አያ ይበልጣል፣ ሕዝቡን ይምከሩልን" አሉኝ። ለሁለቱም ያለ አድልዎ አንድ ዓይነት ምክር ሰጠሁ፤ ገበሬው እህሉን እስኪያስገባ ድረስ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ተዋጉ አልኳቸው። ሁለቱም ተቆጡ። አንዱ የዚያኛው ሰላይ ነው አለኝ፣ ያኛውም የዚህኛው። በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ወገኖች እኔ መታሰር እንዳለብኝ ተስማሙ። ያን ሰሞን ሕዝብን አንድ ያደረገ ከኔ ሌላ ማን ነበር?

ልጄ መላኩ ካምፓላ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ወደሱ ለመሄድ ቆረጥኩ። ገና ጎህ ሳይቀድ ታናሽ ወንድሜ አለልኝ በቅሎዬን ጭኖ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። አለልኝ ማንበብ አይችልም፣ ሰው ፊት መናገር አይችልም፣ ግን በአገሩ ያለ ሰው ሁሉ ከኔ ይልቅ እሱን ይወዳል። ምክንያቱን እስከ ዛሬ ድረስ አልደረስኩበትም።

"አንተም አብረኸኝ ና" አልኩት።

"ጤፉ ሊታጨድ ምን ቀረው? አንቱ ይሂዱ አያ። እዚያም የሚመክሩት አያጡም።"

"እያፌዝክ ነው?"

"ኧረ እኔ! ዩጋንዳን አዘንኩላት እንጂ" ብሎ እግሬን ከእርካቡ አወጣልኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ በቅሎዋን ይዞ መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። እሱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በሞያሌ፣ በናይሮቢ፣ በቡሲያ አድርጌ ካምፓላ ገባሁ። የአውቶቡሱን ነገር አልዘረዝርም፤ ጉልበቴ የዘረዘረው ይበቃል። የስደተኞች ቢሮ ውስጥ አንድ ክራባቱን ያጠበቀ ወጣት በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"መርዶ መንገር።"

አስተርጓሚው ትንሽ አስቦ ዜና አቅራቢ ነው አለው። ወጣቱ ቀና አለ። "ጋዜጠኛ ነዎት? በየትኛው ጣቢያ?"

"ቤት ለቤት እየሄድኩ ነው የምናገረው።"

"ምን ዓይነት ዜና?"

"ሞት።"

"ሌላ ዜናስ?"

"በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ሌላ ዜና አልነበረም።"

ጻፈ። "ከየትኛው ወገን ሸሽተው ነው የመጡት?"

"ከሁለቱም።"

"አንዱን መምረጥ አለብዎት።"

"ልጄ፣ መምረጥ ብችል ኖሮ እዚያው እኖር ነበር" አልኩት። በራሴ እንግሊዝኛም "ኪፕ ድራይ" ብዬ መረቅኩት። ሳቀ፣ ማኅተሙንም መታልኝ። አንደበት ያለው ሰው የትም አይወድቅም።

የምንኖረው ካባላጋላ አጠገብ ባለ ግቢ ነው። እዚህ "ሙዚጎ" ይሉታል፤ እንደ በረት ተደርድሮ የተሠራ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ከባለቤቲቱ ከማማ ናካቶ በቀር ግቢው የኛው አገር ሰው ነው። አፈሩ እንደ ቡሬ ቀይ ነው። ዝናቡ ግን ሥርዓት የለውም፤ ክረምት ነው በጋ ነው ሳይል ደስ ባለው ቀን ይመጣል። ማቶኬ የሚሉት ምግባቸው አረንጓዴ ሙዝ ተቀቅሎ የሚደቆስ ነው። ቅቤና በርበሬ ቢያውቅ ገንፎ ይወጣው ነበር። በአስተዳደጋቸው ግን አገሩን ወደድኩት፤ ሴት ወይዘሮዋ ትልቅ ሰው ስታይ ተንበርክካ ነው ሰላምታ የምትሰጥ። ማማ ናካቶ ፊቴ ተንበርክካ "ሙዜ" ስትለኝ፣ ሽማግሌ ማለቷ ነው፣ ከኛ አገር ዘመናዮች ስንቱን ይዤ መጥቼ ባሳየሁ እላለሁ። እንደተንበረከከች ኪራይ መጠየቋ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ ገጠር ስልክ አይሠራም ነበር። ስልክ በተዘጋበት ዘመን ከኛ ግቢ ሰው ዘመድ የሞተበት አልነበረም። ሰዋለም የምትባል ፀጉር ቤት የምትሠራ የቋሪት ልጅ፣ አባቷ ዘንድሮ ገብስ ነው የሚዘራው ወይስ ስንዴ እያለች ትከራከር ነበር። ከዚያ ጦርነቱ ሊያልቅ ነው፣ እየተነጋገሩ ነው የሚል ወሬ መጣ። ግቢው ሠርግ ሆነ። አንዱ ቡሬ ተመልሶ ጋራዥ ሊከፍት፣ አንዱ ሊያገባ፣ መላኩ እኔን በአውሮፕላን ሊመልሰኝ። ሁሉም "ስልኩ ብቻ ይለቀቅ!" ይል ነበር።

ተለቀቀ። መጀመሪያ ከተሞቹ፣ ቀጥሎ ገጠሩ። ያን ጊዜ ሰዎች መሞት ጀመሩ።

እንደምታውቁት አገር ቤት ያለ ዘመድ ውጭ ላለ ሰው በስልክ መርዶ አይነግርም። "እናንተ ዘንድ ትልቅ ሰው አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ካምፓላ ውስጥ ትልቅ ሰው ማን ነው? ስልኬ እረፍት አጣ። የመጀመሪያዋ ሰዋለም ሆነች። አባቷ ካለፈ ከርሟል። ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኳሁ፣ ስለ ሥራዋ ጠየቅኋት፣ በትክክለኛዋ ቦታ ላይ ዝም አልኩ። ጩኸቷ ሰፈሩን ቢቀሰቅስም መሬት አልነካችም፤ በግራና በቀኝ ይዘናታል። ከሷ በኋላ ጋራዥ ሊከፍት የነበረው። ከሱ በኋላ ሊያገባ የነበረው፤ የሱ የባሰ ነበር፣ የሞተችው እጮኛው ናት።

አንድ ቀን ማማ ናካቶ መጥታ ተንበረከከች። መላኩ አስተረጎመልኝ።

"ሙዜ፣ አገራችሁ ውስጥ ጦርነት በነበረ ጊዜ ጸጥ ያላችሁ ተከራዮች ነበራችሁ።"

"አዎን።"

"ሰላም ሊሆን ነው ካላችሁ ወዲህ በየማለዳው ትጮኻላችሁ።"

"ልክ ነሽ።"

"እንግዲህ እኔ ፖለቲካ አላውቅም፤ ሰላሙ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፣ ብዙም ተናግሬያለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን የጠየቀኝ የለም።

ከኛው ቀበሌ የሚደውሉልኝ ሁሉ የሌላ ሰው ሞት ነው የሚነግሩኝ። ስለ አለልኝ የሚያነሳ የለም። እኔ ስጠይቅ አንዱ "ደህና ነው፣ ገበያ ወጥቶ ነው" አለኝ። ሌላው "ደህና ነው፣ እያረሰ ነው" አለኝ። የደወለው እሑድ ነበር። አለልኝ እንኳን በእሑድ በቅዳሜም ሞፈር አይነካም። ሦስተኛው "ደህና ነው፣ ደህና ነው" ብሎ ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። ያን "ደህና ነው" እንዴት እንደሚባል ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ እንዲህ ታበላሹታላችሁ ብዬ መቆጣት አማረኝ። መላኩም ዓይኔን ማየት ትቶ "አባ፣ በልተዋል?" ማለት አበዛ።

ገባኝ። ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ለኔ የሚነግር ሰው ግን ካምፓላ ውስጥ የለም፣ የሚነግረው እኔ ነኛ! ለኔ ለራሴ ደውለው "እባክዎ ለአያ ይበልጣል ይንገሩልን" ሊሉኝ አይችሉም። እኔም አልጠየቅኩም። ካልተነገረኝ አለልኝ ገበያ ላይ ነው። የሰው መርዶ ከበፊቱ ይበልጥ እየተቀበልኩ ወዲያ ወዲህ አልኩ።

በመጨረሻ ጋሽ ፈንታሁንን መረጡት። ፍኖተ ሰላም አስተማሪ የነበረ፣ ረጅም፣ ጨዋ፣ ፈሪ ሰው ነው። በሬን ሲያንኳኳ ከፈትኩ። ከኋላው መላኩና ጎረቤቶቹ ተኮልኩለዋል። ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ወጥታለች። ሰዋለም ገና ቃል ሳይወጣ ታለቅሳለች።

"አያ ይበልጣል፣ እንግዲህ..." አለ ፈንታሁን።

"ቆይ! ይህቺ ምንድን ናት?"

"የቷ?"

"ፀሐይ ናታ! ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ይባላል? አስተማሪ ነኝ ትላለህ። ሂዱ፣ ነገ በጊዜ ኑ።"

እርስ በርስ ተያዩና እውነትም ሄዱ። ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማቶኬውን ሳይቀር ጨርሼ በላሁ።

በማግስቱ በጨለማው መጡ። ፈንታሁን ተቀምጦ "የእግዚአብሔር ፈቃድ..." ብሎ ጀመረ።

"ከብቱስ? ሳትጠይቅ?"

"አያ፣ እዚህ ከብት የለዎትም እኮ።"

"ማማ ናካቶ ዶሮ የላትም? ስለ ዶሮው ጠይቅ።"

"ዶሮዎቹ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ነው የሚይዘኝ? ይኼ ቀጭን? እንኳን እኔን ራሱን ንፋስ ይጥለዋል። ሂዱ፣ ሰው ፈልጋችሁ ኑ።"

መላኩ እጄን ያዘ። "አባ፣ ይብቃዎት" አለኝ።

"በወጉ ይሁን ነው የምለው" አልኩት። "ላንተ አጎት ነው፤ ለኔ ግን..." ብዬ ሳልጨርስ ተውኩት።

በሦስተኛው ማለዳ ገና ጨለማ ነበር። ለቀስተኛው ከአጥር ውጭ ነው፣ ትንፋሽ አይሰማም። ማማ ናካቶ ወገቧን በጨርቅ አስራ፣ ደጃፉ ላይ በዝምታ ተንበርክካለች። የመጋዘን ተሸካሚ የሆኑ ሁለት ጠንካራ ልጆች በግራዬና በቀኜ ተጠጉ። ፈንታሁን ስለ ዶሮዎቹ ጠየቀ። ስለ ዝናቡ ጠየቀ። ከዚያ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆነና" አለና ዝም አለ።

ስሕተት ፈለግሁ። ከደጁ እስከ አጥሩ፣ ከድምፁ እስከ እጁ አቀማመጥ ፈለግሁ። አንድም አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ፤ እኔ አላየሁም።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ለአለልኝ ሚስት ለጥሩወርቅ ደወልኩላት። ስልክ ለመያዝ ኮረብታው ላይ ወጥታ ነፋሱ ድምፅዋን ይወስደዋል።

"ከቡሬ ገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ነው አያ። ተኩስ መሐል ገባ።"

"የማን ተኩስ?"

"ሁለቱም እኛ አልተኮስንም ብለዋል።"

"ካልተኮሱ አልሞተማ!"

"እኔም እንደዚያ ነበር ያልኳቸው" አለች። ቀጥላ "አሁንማ ሊታረቁ ነው ይላሉ። እንኳን ደስ ያላችሁ የሚል መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ ዞረ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ እልል አለ፣ እልልታው ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። አያ፣ በሬዎቹ አሉ። የሚያርስባቸው የለም። ልሽጣቸው ወይስ ይመጣሉ?" አለችኝ።

በዚህ ስደት ያከናወንኳቸውን ለትውልድ አስፍሬያለሁ፦

በዚህ ዕድሜዬ ድንበር ተሻግሬያለሁ፤ ከአንዱም አልተመለስኩም።

በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ "ዌባሌ" ብዬ ማመስገን ችያለሁ፤ አነጋገሬ ከነሱ ይሻላል ብለውኛል።

የግቢውን ሰው ሁሉ መርዶ በወጉ ነግሬያለሁ፤ አንድም ሰው አልወደቀብኝም።

ፈንታሁንን ሰው አድርጌዋለሁ። አሁን ከጂንጃ ድረስ ይጠሩታል።

ለወንድሜ አይቶት በማያውቀው አገር ድንኳን አስተክያለሁ። ቦሎቄና በቆሎ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ስሙን መጥራት የማይችሉ ሰዎች ሳይቀሩ አልቅሰውለታል።

ጥሩወርቅን በሬዎቹን እንዳትሸጥ አድርጌያለሁ። ማን እንደሚያርስባቸው ግን እስካሁን አልነገርኳትም።