ውሃ ያጠጣሁት ቀርከሃ

ይህን ለባሌ ነግሬው አላውቅም። ለእናቴም በስልክ አላነሳሁላትም፤ በዱዓዬ ላይ እንኳ ዙሪያውን እየዞርኩ ነው የማልፈው። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር፣ ሲት ሱአድ የሚባሉ መምህርት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራውን ያገኘልኝ ጋሽ ተስፋዬ ነው። ከጎንደር የመጣ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ አንድ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ የሚሠራ ሰው። ከወሎ ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር፤ እጄን ይዞ እዚያ ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። አስቀድሜ የምናገረው የበደልኩት ማንን እንደሆነ እንድታውቁ ነው።

አንድ ዓመት ሲት ሱአድ ወጥ ቤታቸውን ሊያሳድሱ ተነሡ። ሽንኩርት የምከትፍበት፣ ሊጥ የማቦካበት ረጅሙ የሥራ ገበታ ከምን ይሠራ? ጋሽ ተስፋዬ ከመደብሩ የቀርከሃ ጣውላ ቁራጭ አመጣ፤ ተጣብቆ የተሠራ፣ ማር የመሰለ። ከአርካዊት ሰፈር ደግሞ ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ፣ አናጺ፣ የማሆጋኒ እንጨት ቁራጭ ይዞ መጣ። ሲት ሱአድ ሁለቱንም ፊቴ አስቀመጡና፣ «ዘሀራ፣ የምትሠሪበት አንቺ ነሽ። አንድ ወር ሞክሪያቸው፤ ያልሽውን አደርጋለሁ» አሉኝ።

ከዚያ በፊት ማን እንዲህ አምኖኝ ያውቃል? እኔስ ምን አደረግኩ?

ቀርከሃው በአንድ ቀን ተገጥሞ ያልቃል። እንጨቱ ግን እዚያው እየተለካ፣ እየተላገ፣ እየተቀባ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ ሰይድ ሲናገር ሰምቻለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰይድ እኔ ባለሁበት ወጥ ቤት ውስጥ። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

ሲት ሱአድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ ቀርከሃውን ሳፋ ውስጥ እነክረዋለሁ። ቀትር ላይ አውጥቼ በዚያ የካርቱም ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። በማግስቱም እነክራለሁ፣ አሰጣለሁ። የሰይድን ቁራጭ ግን በሰሊጥ ዘይት አሸዋለሁ። ወሩ ሳያልቅ ቀርከሃው በመጋጠሚያው ተሰነጠቀ፤ እንጨቱ እንደ መስታወት ፊት ያሳይ ጀመር። «ቀርከሃው የወጥ ቤት ሥራ አይችልም» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ጋሽ ተስፋዬ ቁራጩን ሊወስድ መጣ። ገልበጥ እያደረገ አየው፤ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ምነው በጠረጠረኝ። «ልጄ፣ እዚህ ቤት አሳፈርኩሽ አይደል?» አለኝ። «ሳላውቀው ነው ያመሰገንኩት፣ ወላሂ።» ክርስቲያን ቢሆንም ካርቱም ወላሂ ማለት አስተምራዋለች። «ኧረ ምንም አይደለም፣ ጋሼ» አልኩት። በዳይዋ እኔ፣ ይቅር ባይዋም እኔ።

ሲት ሱአድ ያዩትን ለጓደኞቻቸው አወሩ፤ ቀርከሃውን የሚጠይቅ ጠፋ። ዕቃው ወደ መደብሩ ይምጣ ብሎ የመከረው ጋሽ ተስፋዬ ስለነበር ባለመደብሩ አሰናበተው። ዛሬ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ጥግ ላይ ካልሲና ማበጠሪያ ይሸጣል።

ሰይድ ሁለቱን ሳምንት ሠራ። በሦስተኛው ቀን ሻይ ሳቀብለው ከወሎ የት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። በዓመቱ ተጋባን፤ ጋሽ ተስፋዬም ሠርጋችን ላይ ተነሥቶ መረቀን። አሁን አርካዊት ሁለት ክፍል ቤትና ሁለት ሴት ልጆች አሉን። ደስተኛ ነኝ፤ ይህን መደበቅ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ሰይድ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «እንጨቴ በገዛ ጥራቱ ነው ያሸነፈው» እያለ ያወራል። እኔ አጎንብሼ ሻይ እቀዳለሁ።

ሱቅ ዐረቢ በሄድኩ ቁጥር ከጋሽ ተስፋዬ ካልሲ እገዛለሁ። ሰይድ «በዚህ ሙቀት ይሄ ሁሉ ካልሲ ለማን ነው?» ብሎ ይስቅብኛል። በካልሲ የሚሽር በደል አለ እንዴ? ለጋሽ ተስፋዬ ለምን እውነቱን አልነገርኩትም? ብነግረው ወዲያው ይቅር ይለኛል፤ አውቀዋለሁ። ምናልባትም ራሴን እየዳበሰ ያጽናናኛል። ያንን አልችለውም።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ፍቅር አሳወረኝ አልልም፤ ሳፋውን ስሞላ በደንብ ይታየኝ ነበር። ላደረግኩት ይቅርታ እለምናለሁ። ያ ወር ተመልሶ ቢመጣ ቀርከሃውን ትተይው ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን፣ ልጆቼን አየት አድርጌ ዝም እላለሁ። ዝምታዬም ከጥፋቴ ጋር ይቆጠርብኝ።