የአባቴ ባሕር ዛፍና የእኔ ሪፖርት

አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን ዳር ባሕር ዛፍ የተከሉት እኔ በተወለድሁበት ክረምት ነው። ልጁ ሲያድግ ጎጆ መውጫው ይሆናል ብለው ነበር። እኔ አደግሁ፣ ዛፉም አደገ፣ ደርግም መጣ። ከሦስታችን ቀድሞ ለቁም ነገር የተፈለገው ዛፉ ሆነ።

ለገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ እንጨት ሲያስፈልግ ከከተማ የመጡ ተማሪ ዘማቾች ተላኩ። አባቴ ዛፍ ሲቆርጡ ጎንበስ ብለው፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ትተው፣ ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርገው ነው። ዘማቾቹ ጎንበስ ማለት የፊውዳል ልማድ መስሏቸው ነው መሰል፣ ቀጥ ብለው ቆመው በወገባቸው ልክ ከተከቱት። ግንዱንም በበሬ እየጎተቱ በጉቶው ላይ አሳለፉት፤ ቅርፊቱ ተላጠ። እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርሁ። «ዘመቻው በድል ተጠናቀቀ» ብዬ ጻፍሁ።

ክረምቱ ሲገባ ግማሹ ጉቶ ደርቆ ቀረ። ሌላው አቆጠቆጠ፤ ካንዱ ጉቶ ስምንትም አሥራ ሁለትም ቡቃያ። ደንቡ ደህና ደህናውን ሁለት ሦስት ትቶ የቀረውን መመልመል ነው። አባቴ ማጭዳቸውን ይዘው ሲጀምሩ ከፍኖተ ሰላም የመጣው ካድሬ ደረሰባቸው።

«አባት፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያሳሳሁት ነው ጌታዬ። ሁሉም ከቆየ ሁሉም ይቀጥናል።»

«ጌታዬ ቀርቷል። ለመሆኑ የትኛው ቡቃያ እንዲኖር፣ የትኛው እንዲሞት የመወሰን ሥልጣን ማን ሰጠዎት?»

ማጭዱን ተቀበላቸው። እኔንም ቡቃያውን ሁሉ እንደ ዛፍ ቆጥሬ እንድጽፍ አዘዘኝ። ያቆጠቆጠው ሠላሳ ጉቶ በሪፖርቴ ሦስት መቶ ዛፍ ሆነ። እግዜር በሦስተኛው ቀን እንኳ እንዲህ አልፈጠነም።

ሦስት ዓመት አለፈ፤ እኔም አጭቼ የሠርጉ ወር ተቆረጠ። ቡቃያው ግን እርስ በርሱ ሲሻማ ከበትር አልወፈረም። ተስፋ ቆርጬ ሳለ አባቴ ከማሳችን በታች ወዳለው ገደል ሥር ወሰዱኝ። ዘማቾቹ መውረዱ ታክቷቸው የተዉአቸውን አራት ዛፎች አባቴ ያን ጊዜውኑ በራሳቸው ደንብ ቆርጠው፣ በየጉቶው ሁለት ሁለት ቡቃያ አስቀርተው፣ ሌላውን በድብቅ መልምለውታል። ስምንት ቋሚ፣ ቀጥ ያለ።

«የጎጆህ ነው» አሉኝ። ጉልበታቸውን ሳምሁ።

በሳምንቱ ለወረዳው የእህል መጋዘን ቋሚ ተጠየቀ። የተጠየቅነውም እኛ ነን፤ በወረቀት ሦስት መቶ ዛፍ ያለው ሌላ ማኅበር አልነበረማ! ካድሬው መጥቶ በትር የሚያህለውን ቡቃያ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ያ ሁሉ ዛፍ የት ገባ?» አለኝ።

ሰው አሰማርቶ አገሩን ሲያስስ ውሎ ገደሉ ሥር ደረሰ። ስምንቱም ተቆረጡ፣ በወገብ ልክ። «በፈቃደኝነት የተበረከተ» የሚለውን የርክክብ ወረቀት የጻፍሁት እኔው ነኝ። አባቴ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። ሠርጉ ተላለፈ።

በማግስቱ ከአባቴ ጋር ገደሉን ወረድሁ። መጥረቢያቸውን አውጥተው እያንዳንዱን ጉቶ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ፣ ሰያፍ አድርገው እንደገና ቆረጡት። አራተኛውን ሲጨርሱ ላባቸውን ጠርገው ቀና አሉና አዩኝ።

«ይኸን እንኳ እንዳትጽፈው» አሉኝ።