ለወንዱ ዓሣ ያልተነገረው

ሦስተኛዋ ልጄ የተወለደች ሰሞን ካዛንቺስ ያለው ቤታችን በአራስ ጠያቂ ተጨናንቆ ነበር። የገባችው ሁሉ ሕፃኗን ገለጥ አድርጋ ታይና «ቁርጥ እናቷን!» ብላ ወደ ገንፎው ትዞራለች። አማቴ ደግሞ «አፍንጫዋ ግን የእኔ ነው» ብለው እሱንም ወሰዱት። ለእኔ የተረፈ ነገር የለም።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና፣ በቃ፣ ለጨዋታ ያህል አፌን ከፈትኩ።

«አንዲት ዓሣ አለች» አልኩ። «ዘሯ በሙሉ ሴት ነው። የምትወልዳቸው ሁሉ ራሷን ናቸው። ከሌላ ዝርያ የመጣ ወንድ ያስፈልጋታል፤ ግን ፅንሱን ለማስጀመር ብቻ። መኪና ገፍቶ እንደሚያስነሳ ሰው ነው፤ መኪናዋ ትሄዳለች፣ እሱ ይቀራል። ለልጆቹ የሚያወርሰው አንዳች ነገር የለም።»

ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ሁሉም ማንኪያቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንዱ ይህን ያውቃል?» አሉ አማቴ።

«አያውቅም እማማ። ደስ ብሎት ነው የሚሄደው።»

አማቴ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ሕፃኗን አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሯትና «ውይ፣ ለካ አፍንጫዋ የአባቷ ኖሯል!» አሉ።

«እንዴታ!» አለ ቤቱ በሙሉ።