የዶኛ ሶኮሮ የታጠነ በርበሬ

ሩቅያ ዶኛ ሶኮሮን መንከባከብ በጀመረች በሦስተኛው ቀን የሴትዮዋን በርበሬ ቆሻሻ ውስጥ ደፋችው። በክፋት አልነበረም። ኩሽናውን ስታጸዳ ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አገኘች፤ ውስጡ ጠቆር ያለ ቡናማ ዱቄት አለ። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። በርበሬ በርበሬ ይላል፣ ከበርበሬው በላይ ግን ጭስ ጭስ ይላል። ሩቅያ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። በርበሬ እያመሰ ዞር ያለ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚሸተው ታውቃለች። "ምስኪን፣ ማን አሳረረባቸው ይሆን" ብላ አዘነችና ደፋችው። ጠርሙሱንም በሳሙና አጥባ መስኮቱ ላይ ደፍታ አስቀመጠችው።

ዶኛ ሶኮሮ፣ ዶኛ በእኛ እትዬ እንደማለት ነው፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ፑዌብላ ከሚባል የሜክሲኮ ከተማ በወጣትነታቸው መጥተው፣ ስፌት ፋብሪካ ሠርተው፣ ጡረታ ወጥተው ዌስት አዳምስ በሚባል ሰፈር ባለ አሮጌ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ልጃቸው ኤጀንሲ ደወለች፤ ኤጀንሲው ሩቅያን ላከ። ሩቅያ ባሏ በሽር ኤርፖርት ታክሲ ስለሚነዳ የምትኖረው ለኤርፖርቱ ቅርብ በሆነው ኢንግልዉድ ነው። ሁለቱ ሴቶች የሚያወሩት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ሲያልቅ ሩቅያ በአማርኛ ትቀጥላለች፣ ዶኛ ሶኮሮ በስፓኒሽ፣ ጨዋታውም አይቋረጥም።

ምሳ ሰዓት ላይ ዶኛ ሶኮሮ ባዶውን ጠርሙስ አዩት።

"ቺፖትሌዬስ?"

"ምንድን ነው እሱ?"

"በርበሬዬ።"

"አርሮ ነበር፣ ዶኛ። ደፋሁት። አይዞዎት፣ ነገ ከቤት ጥሩ አመጣልዎታለሁ።"

ዶኛ ሶኮሮ ጠርሙሱን አስመጥተው አሸተቱት፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁሉ በስፓኒሽ ስለነበር ሩቅያ ለይታ የሰማችው "እህቴ" የሚለውን ብቻ ነው። የቀረውን ልጃቸው በስልክ ተረጎመችላት። በርበሬውን የላኩት ፑዌብላ ያሉት ታላቅ እህታቸው ናቸው። ሃላፔኞ የሚባል ቀይ ቃሪያ ነው፤ በእንጨት ጭስ ላይ ቀናት ተቀምጦ፣ ደርቆ የተፈጨ። ሥጋ የሚዘፈዘፈው፣ ቦሎቄው የሚጣፍጠው፣ ስጎው የሚቀላው በእሱ ነው። ቲንጋ የሚባለው የፑዌብላ የዶሮ ወጥማ ያለሱ ጭራሽ አይሠራም።

"ሆን ብለው ነው የሚያጨሱት?" አለች ሩቅያ።

"ሆን ብለው።"

ሩቅያ ስልኩን ዘግታ ቆመች። እናቷ የወተቱን ቅል በወይራ ጭስ ስታጥን ትዝ አላት። ባልታጠነ ቅል ያደረ ወተት ሲሰጧት እናቷ አፏ አታደርስም ነበር። "ለካ አጥነውት ነው" አለች ለራሷ፣ ፊቷም በእፍረት ጋለ።

በማግስቱ የራሷን በርበሬ ይዛ ሄደች። ዶኛ ሶኮሮ በጣታቸው ቀመሱ። "ጥሩ ነው" አሉ፣ "ለሌላ ሰው።" በሚቀጥለው ቀን ከሱፐርማርኬት ቺፖትሌ የተጻፈበት ብልቃጥ ገዛችላቸው። አሸተቱትና መለሱላት። "ይኼ ቀለም ነው።"

ቅዳሜ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ፌርፋክስ ወርዳ ካሰች ሱቅ ገባች። ካሰች በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ የድሮ ወዳጇ ናት።

"ካሰች፣ የታጠነ በርበሬ አለሽ?"

"የምን?"

"ጭስ ጭስ የሚል።"

ካሰች መነጽሯን አወለቀች። "ሩቅያ፣ እዚህ ሱቅ ሃያ ዓመት ስቆም ያረረ በርበሬ ሸጬ አላውቅም።"

"ያረረ አላልኩሽም፣ የታጠነ ነው ያልኩት። ሜክሲኮዎች ያጥኑታል።"

"በርበሬውን?"

"በርበሬውን።"

"ታዲያ ወተታቸውን ምን ያደርጉታል?" አለች ካሰች። 

ሰኞ ዕለት ዶኛ ሶኮሮ ራሳቸው ወሰኑ፦ ጓሮ ውስጥ ያጨሱታል። ሩቅያ አንድ ካርቶን ቀይ ሃላፔኞ ገዛች። ጎረቤት የቆረጠውን የብርቱካን እንጨት ለመነች። የሟች ባላቸውን የዛገ የከሰል ሥጋ መጥበሻ ከጋራዥ ጎትታ አወጣችና እንጨቱን ሁሉ ባንዴ አንድዳ እሳቱን ለቀቀችው። ነበልባሉ ከአጥሩ እኩል ሆነ።

ዳሌያቸውን የሚያፍታታው ቴራፒስት ዶኛ ሶኮሮን በሚገፋ መደገፊያ፣ በዎከር፣ ከወንበራቸው እስከ በሩ እንዲሄዱ ከሩቅያ በፊት ጀምሮ ሁለት ወር ለምኗቸው "ነገ" ሲሉት ነበር የከረሙት። በዚያ ቀን ማንም ሳይለምናቸው ዎከሩን እየገፉ ኩሽናውን አለፉ፣ ሁለት ደረጃ ወረዱ፣ ጓሮው መሃል ደረሱ።

"ጭስ ነው ያልኩሽ! እሳት ማን አለሽ?"

ሩቅያ እንጨቱን እየጎተተች ስታወጣ፣ እሳቸው በጣታቸው እየጠቆሙ ሲያዙ፣ ጭሱ በጣሪያው ላይ ወጥቶ መንገዱን ሞላው። አንድ ሰው ደወለ። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከነኮፍያቸው በጓሮ በር ገቡ። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠው ወደ መጥበሻው ጎንበስ ብሎ አሸተተና ዶኛ ሶኮሮን በስፓኒሽ አናገራቸው።

"ምን አለ?" አለች ሩቅያ፣ እንዳይቀጧት ፈርታ።

"መቼ ይደርሳል አለኝ። ገና አራት ቀን አልኩት።"

ሰዎቹ መጥበሻውን ከአጥሩ አርቀው አስቀመጡላቸውና ሄዱ።

አራት ቀን ሙሉ ሩቅያ እንጨት ስትጨምር፣ ዶኛ ሶኮሮ ወንበር አስወጥተው ሲቆጣጠሩ ዋሉ። በሽር ሚስቱ ቤት ስትገባ መስኮቱን ሁሉ ይከፍት ጀመር። ሃላፔኞው ተሸብሽቦ እንደ ዘቢብ ሲደርቅ በቡና መፍጫ ፈጩት። ቴራፒስቱ የመጣው በዚያው ሰዓት ነበር፤ ገብቶ ሦስቴ አስነጠሰና የዕለቱን እስፖርት በረንዳ ላይ አሠራቸው።

ሩቅያ እሷም እንድትበላ ለቲንጋው ከፌርፋክስ ሐላል ዶሮ አምጥታ ነበር። ሽንኩርቱን ከተፈች፣ ቲማቲሙን ጨመረች፣ የተቀቀለውን ዶሮ በጣቷ ቀነጣጠበች። ከዚያ ለዶሮ ወጥ እንደለመደችው በርበሬውን በጭልፋ ሞልታ አነሳች። ዶኛ ሶኮሮ እጇን ያዙት።

"በማንኪያ ጫፍ።"

"ይኼማ አይቀላም።"

"ለማቃጠል አይደለም። እንዲሸት ነው።"

ሩቅያ እያመነታች በማንኪያ ጫፍ ጨመረች። ድስቱ ሲንተከተክ ሽታው ቤቱን ሞላው። ቶርቲላ በሚሉት የተጠበሰ የበቆሎ ቂጣ ላይ አድርገው በሉ። ዶኛ ሶኮሮ ሁለት ጨርሰው ሦስተኛውን እያነሱ "ጨው ያንሰዋል" አሉ። ሩቅያ አራት በላች፤ ጨውም አልጨመረች።

"ነገ ቦሎቄ" አሉ ዶኛ ሶኮሮ። "በአሳማ ስብ።"

"በአሳማ ስብ ከሆነ እኔ አልቀምስም።"

"ያለ ስብ ቦሎቄ ውኃ ነው።"

"ኦኬ፣ ሌላ ስብ አመጣለሁ።"

በማግስቱ ሩቅያ በኮረሪማና በአብሽ የተነጠረ ቅቤ ይዛ መጣች። ዶኛ ሶኮሮ አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ቦሎቄው ላይ አስጨመሩ፣ ከዚያም ብልቃጡ እዚያው እንዲቀር አዘዙ። በሽር የቤታቸው ቅቤ የት እንደሄደ እስካሁን እየጠየቀ ነው።