ናስትሮ የተጠቀለለበት መሪ

ነጅማ የምትባል ልጅ ስትደውል ኣሰፋሽ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ያዘችው።

«ወይዘሮ ኣሰፋሽ ወልደሩፋኤል ነዎት? የድሮ ፊልሞችን ከሚያሰባስብ ማኅበር ነው የምደውለው። ‹ዝናብ ያዘን› የሚለውን ፊልም ያስታውሱታል?»

ኣሰፋሽ ቢላዋውን አስቀመጠች። የዚያን ፊልም ስም ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች ስንት ዘመኗ!

«አስታውሰዋለሁ» አለች።

«አንድ ቅጂ ተገኝቷል። አሁን ደግሞ መኪናዋ ተገኘች እየተባለ ነው፤ ያቺ ነጭ ፊያት ሚሌቼንቶ። ችግሩ፣ ፊልሙ ላይ ያለችው የኔ መኪና ናት የሚሉ ሁለት ሰዎች መጥተዋል። ያኔ መኪናዋ ውስጥ የነበረ ሰው በሕይወት ካለ ብለን ስናፈላልግ የእርስዎን ስም አገኘን።»

«ማን ሰጣችሁ ስሜን?»

«የካሜራ ረዳት የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ‹ሹፌሩ ትንሽ እህቱን ከኋላ ወንበር ሥር ደብቆ ይዟት ይመጣ ነበር› አሉን።»

ኣሰፋሽ ስልኩን ከትከሻዋ አንስታ በእጇ ያዘችው። ሹፌሩን የሚያስታውስ ሌላ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ አለ ብላ አስባ አታውቅም።

ሹፌሩ ወንድሟ ዘርኣብሩክ ነው። አባታቸው ኣቶ ወልደሩፋኤል ከአዲግራት መጥተው ልደታ ቤት የሠሩ፣ በአንድ የብረታ ብረት መደብር ሻጭ ሆነው የኖሩ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ኣሰፋሽ ገና ዳዴ ስትል እናታቸው ስለሞተች፣ ፊቷን እያጠበ፣ ጠጉሯን እያበጠረ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ዘርኣብሩክ ነበር። ጋራዥ ውሎ ስለሚመጣ አንገትጌዋ ላይ ሁልጊዜ የግሪስ ምልክት አይጠፋም። አስተማሪዋ ስትቆጣት «ወንድሜ ነው» ትላለች፤ ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስላትም ነበር።

ፊልሙ የተሠራው አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው በክረምት ነው። ዋናው ተዋናይ መልከ መልካም ሰው ነበር፤ መኪና መንዳት ግን አይችልም። ስለዚህ ዘርኣብሩክን ከጋራዥ አምጥተው የተዋናዩን ኮትና ባርኔጣ አለበሱት። መኪናዋ ከሩቅ ስትበር የምትታየው በእሱ ነው። ከቅርብ ሲቀረጽም ፊቱ የተዋናዩ፣ መሪውን የሚያዞረው እጅ የዘርኣብሩክ ሆነ። ኣሰፋሽ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤት ብቻዋን እንዳትሆን ከኋላ ወንበር ሥር ትቀመጥና «ቀና እንዳትይ» ይላታል። እሷም ሰማዩንና የመብራት እንጨቶችን ብቻ እያየች ከተማውን ስትዞር ከረመች።

መሪው በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ስለነበር ዘርኣብሩክ ለኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሆን ጥቁር ናስትሮ ጠቅልሎበታል። ሙቀት ሲመታው ማስቲሹ እየቀለጠ መዳፉ ላይ ይጣበቃል። ቤት ሲገባ እጁን በነጭ ጋዝ እየፈተገ ሲታጠብ ቤቱ በሙሉ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። አባታቸው በዚህ ይማረራሉ፤ እሷ ግን ሽታውን ትወደው ነበር።

በቀይ ሽብር ጊዜ ዘርኣብሩክ አንድ ጧት ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ቀረ። አሰሳ ይመጣል ሲባል ኣቶ ወልደሩፋኤል እሱ ያለበትን ፎቶ ሁሉ ሰብስበው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። የቀረችዋን ልጃቸውን ለማትረፍ ብለው ነው፤ ኣሰፋሽም ይህን አታጣውም፣ ቂም ይዛባቸውም አታውቅም። ግን ከዚያ ወዲያ የወንድሟ መልክ ከዓመት ዓመት እየደበዘዘባት ሄደ። እሷ የስልክ ኦፕሬተር ሆና ተቀጠረች፣ ሳታገባ አባቷን ጦረች፣ ቀበረች፣ ጡረታ ወጣች። የተወለደችበት ቤት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ እዚያው ልደታ ፎቅ ላይ ገባች። ፊልሙ አንድ ሰሞን ታይቶ ጠፍቶ ነበር። የወንድሟ አካል የታየበት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ መሆኑን ታውቃለች፤ ማንን ትጠይቅ?

ነጅማ በቀጠሯቸው ቀን መጥታ ወሰደቻት። መጀመሪያ የሚያዩዋት መኪና ያለችው ሰንጋ ተራ፣ ከሁለቱ ባለመኪናዎች አንዱ በሆነው ወንድምአገኝ በተባለ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር። ወንድምአገኝ ደስ የሚል፣ ወፍራም፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። መኪናዋን ያገኛት እዚያው ሰፈር ሊፈርስ ከተዘጋጀ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያዋ ላይ ቆርቆሮ ተጭኖባት፣ ዶሮዎች ሲያድሩባት መሆኑን እየነገራቸው ሸራውን ገለጠው።

ኣሰፋሽ ጠጋ አለች። ነጯ ሚሌቼንቶ ፀሐይ ላይ እንደ ሸክላ ሳህን ታበራለች። ወንድምአገኝ የፊቱን በር ከፍቶ «ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ» አላት። እሷ ግን የኋላውን በር ከፍታ ገባች። ወንበሩ አዲስ ቆዳ ነው። ወለሉ አዲስ ምንጣፍ ነው። ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ የቀለምና የማስቲሽ ሽታ ብቻ። እንደዚያን ጊዜ ዝቅ ብላ ልትቀመጥ ሞከረች፣ ጉልበቷ እምቢ አለ። መሪው የዝሆን ጥርስ የመሰለ፣ እንከን የሌለው፣ ለስላሳ ነበር።

«እንዴት ነው፣ አወቋት?» አለች ነጅማ ከውጭ።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። ሁሉም አዲስ ነው።»

«አዲስ አይደለም እትዬ፣ ኦርጅናል ነው» አለ ወንድምአገኝ። «እያንዳንዱን ዕቃ ከጣሊያን አፈላልጌ ነው ያስመጣሁት። መሪውን ብቻ ስንት ወር ጠበቅኩት!»

«የድሮው መሪ የታለ?»

«እሱማ ምን ዋጋ ነበረው፤ ተሰንጥቆ ጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎበት…»

ኣሰፋሽ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። «በየት በኩል?»

«በቀኝ በኩል። ለምን?»

«ወንድሜ ነው የጠቀለለው» አለች። «ፊልሙ ላይም ይታያል።»

ነጅማ ስልኳን አውጥታ ከፊልሙ የወሰደችውን ፎቶ አስፍታ አየችው። ተንቀሳቅሶ የተነሳ ነበርና እጁ ጭጋግ መስሏል፤ በቀኝ በኩል ግን ጥቁሩ ነገር አለ። ወንድምአገኝ አንገቱን አስግጎ አየና ፊቱ በደስታ በራ። «ይቺው ናታ! ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?» ካለ በኋላ ወደ ኣሰፋሽ ዞር አለ። ፊቷን ሲያይ ደስታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ሰውየው ክፉ አልነበረም።

«እትዬ፣ ባውቅ ኖሮ እንዴት እጥለዋለሁ?»

«አውቃለሁ» አለችው። «ከየት ታውቃለህ?»

ሌላው ባለመኪና ይህን ሲሰማ ጥያቄውን ተወ። ለማኅበሩ ነገሩ ተጠናቀቀ። ለኣሰፋሽ ግን በማግስቱ ጀመረ።

ወንድምአገኝ ራሱ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለው፣ መኪናዋ ወደታደሰችበት ጋራዥ ወሰዳት። የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃናው ባትላሜራ ጃርሶ ከአንድ ሚኒባስ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጣቸው። ከመኪናዋ የወለቀውን ሁሉ ግድግዳው ጥግ ከምሮት እንደነበር፣ ቦታ ሲጠብበት ብረት ገዢዎች ጠርቶ እንዳስወሰደው ነገራቸው።

«መሪውን ያስታውሱታል?» አለች ኣሰፋሽ።

«እናቴ፣ አልዋሽሽም፣ አስታውሰዋለሁ። ናስትሮው እጄ ላይ ተጣብቆብኝ ተናድጄ ነው የወረወርኩት።»

ኣሰፋሽ የጃርሶን እጅ አየች። ልትነካው ፈልጋ አፈረች።

ብረት ገዢዎቹ ያሉበት መርካቶ ድረስ ሄዱ። እዚያ ያለው ሰውዬ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ እያዘነ አስረዳቸው። መሪ ሲመጣ ፕላስቲኩን አቃጥለው ውስጡ ያለውን ብረት ብቻ ያስቀራሉ፤ ብረቱም ከሌላው ጋር ተጭኖ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። «ከሄደ ቆይቷል» አለ። ከኋላው መሬቱ ጠቁሮ፣ አመድ ሆኖ ይታያል። ወንድምአገኝ አሁንም አሁንም ይቅርታ ይላታል። እሷም አሁንም አሁንም «ምን ታደርገዋለህ» ትላለች።

ፊልሙ የታየው ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ነው። ጎረቤቷ ጠጅቱ አብራት ሄደች። መኪናዋን ደጃፉ ላይ አቁመዋት ሰው ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል። ከፊቷ የቆመው ሰሌዳ ላይ በትልቁ፣ ተዋናዩ በፊልሙ ያሽከረከራት መኪና መሆኗ ተጽፏል። ኣሰፋሽ አንብባው ነጅማን ፈለገቻት።

«የወንድሜ ስም የለም።»

ነጅማ ደነገጠች። «ነግሬያቸው ነበር እኮ። ቆይ፣ መድረክ መሪው በቃል እንዲጠቅሰው አደርጋለሁ።»

መብራት ጠፋ። ፊልሙ እየተቆራረጠ፣ ድምፁ እየሰጠመ ይሄዳል። ዝናቡ መጣ፣ መኪናዋ መጣች። ከዚያ ድንገት እጁ ሸራውን ሞላው። ኣሰፋሽ ወደ ፊት ተንጠራራች። በልቧ ይዛው የኖረችው የወንድሟ እጅ ሰፊና ጣቱ አጭር ነበር፤ ጠጉሯን የሚያበጥረው እጅ። ይሄኛው ቀጭን ነው፣ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ገና የልጅ እጅ። ናስትሮው ግን አለ። መሪውን አንዴ አዞረው፣ ለቀቀው፣ መልሶ ያዘው። ወዲያው ተዋናዩ ፈገግ ብሎ ታየ፣ ተመልካቹም አጨበጨበ። ኣሰፋሽ ቁጭ ብላ ያው እጅ ተመልሶ እንዲመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም።

ሲያበቃ መድረክ መሪው ባለመኪናውን አመሰገነ፣ የተዋናዩን ልጆች አስነሳ። «በመጨረሻም መኪናዋን የለዩልን እናታችን» ብሎ ወደ ኣሰፋሽ አመለከተ። ተነስታ ቆመች። ማይክ የሚያመጣላት መስሏት ዘርኣብሩክ የሚለውን ስም አፏ ላይ አዘጋጅታ ነበር። ጭብጨባው በረደ፣ ሰውየው ወደ ቀጣዩ ዝግጅት ተሻገረ። ጠጅቱ ቀሚሷን ሳብ አድርጋ አስቀመጠቻት።

በባቡር ሲመለሱ ጠጅቱ ቀስ ብላ «እጁን አየሽው?» አለቻት።

«አየሁት።»

«እንዴት ነበር?»

«የማላውቀው ሰው እጅ ይመስላል» አለች ኣሰፋሽ። «ረስቼዋለሁ ማለት ነው፣ ጠጅቱ። የሱ ያልሆነ እጅ ይዤ ነው የኖርኩት።»

ጠጅቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

ነጅማ እጁ የታየበትን የፊልም ቁራጭ በቴሌግራም ላከችላት። ኣሰፋሽ ጥቂት ጊዜ ከፍታ አየችው፤ ባየችው ቁጥር የድሮው እጅ እየራቀ፣ አዲሱ እየተተካ ሲሄድ ፈራችና ተወችው። ሰሌዳው እንዲስተካከል ነጅማ ደጋግማ ጠየቀች፤ ሁሉም እሺ ይላል፣ የሚያደርገው ጠፋ።

የመጣው ጥር ላይ ኣሰፋሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ልደታ መንገዱ በሰርግ መኪና ተዘጋ። መሃል ላይ ሚሌቼንቶዋ አበባ ተጥሎባት፣ ሙሽሮች ይዛ ቆማለች። መሪውን የያዘው ነጭ ጓንት ያጠለቀ ወጣት ነው። እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆማ አየችው። ወጣቱ መንገድ ልትሻገር የፈለገች መስሎት በእጁ «እለፊ» የሚል ምልክት አሳያት። ኣሰፋሽ ለማለፍ አላሰበችም ነበር፤ ግን ከኋላዋ ሰው እየገፋ ስለመጣ በሚሌቼንቶዋ ፊት በኩል ተሻገረች።